በሦስት ሰዓት የምትተኛዋ ክብርት ዳርሊስ

በየሰፈሩ እንዲህ ያለች ወጣት አትጠፋም፤ በሃያ ሁለት ዓመቷ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተኝታ በተመሳሳይ ሰዓት የምትነሣ፣ ይህም አልበቃ ብሏት ገና በጧቱ በደስታ የምትፈነድቅ። ከእሷ ጋር ጎረቤት ከመሆን ሌባ ይሻላል። ሌባ ቢያንስ ጧት ይተኛል።

የእኛዋ ክብርት ዳርሊስ ትባላለች፤ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት። ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ጎረቤቴ ዶኛ ኒዲያ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። እኔ ደግሞ፣ የባራንኪያ ከተማ ያወቀኝ፣ የፒኮ ባለቤት ነኝ። ፒኮዬ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ፊቱ ላይ ነብር የተሣለበት የጭፈራ ድምፅ ማጉያ ነው። ቅዳሜ መንገድ ላይ አውጥቼ ስከፍተው ወንዙ ውስጥ ያሉት ዓሦች ወገባቸውን ያወዛውዛሉ።

በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የከተማችን የጭፈራ በዓል ካርኒቫል ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጭፈራው ሳይሟሟቅ ክብርትነቷ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«በሉ ደህና እደሩ፣ ሰዓቴ ደረሰ!»

«የምን ሰዓት?» አልኳት።

«የእንቅልፌ።»

መንገዱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። በካርኒቫል ሰሞን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚተኛ ወጣት እኛ ዘንድ ወይ ታሟል ወይ ፍቅረኛው ከድቶታል። ዶኛ ኒዲያ ወዲያው ፈረደች፦ «ምስኪን! የሆነ ወንበዴ ጥሏት ሄዶ ነው!» በማግስቱ አራት ድስት የዶሮ ሾርባ በሯ ላይ ተሰለፈ። ክብርትነቷ ሁሉንም ጠጥታ፣ ድስቶቹን አጥባ መለሰች።

«ደህና ነኝ እኮ! በሰዓቴ ከተኛሁ አልነጫነጭም፣ ሌላ ምንም የለም።»

«እያስመሰለች ነው» አለች ዶኛ ኒዲያ፣ አምስተኛውን እየጣደች።

እኔን ግን ያንገበገበኝ የልጄ ነገር ነው። ማይሬት ሃያ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ሲነጋ ትተኛለች፣ አንድ ቀን ቀኑን ሙሉ፤ ስትነሣ ፊቷ ሊዘንብ ያለ ሰማይ ነው። በሹክሹክታ «እንዴት አደርሽ?» ስላት «አትጩህብኝ አባዬ!» ትለኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጧት ላይ ጥርሷን አላየሁም።

ታዲያ አንድ ማለዳ ከመንገድ ሳቅ ሰማሁ። የማን እንደሆነ ጠፋኝ። በመስኮት ሳይ ማይሬት ናት! ዳርሊስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ አሬፓ የሚባለውን እንቁላል የገባበት የበቆሎ ቂጣ እየገመጠች ትንከተከታለች።

ተሻግሬ ሄድኩ። «ምን ያስቅሻል?»

«ምንም አባዬ።»

ለእኔ ምንም! ማይሬት ሌላ አሬፓ ልታመጣ ስትገባ ጠብቄ ዳርሊስን ያዝኳት።

«ልጄን ምን አደረግሻት?»

«በሰዓት እንተኛ ተባባልን፣ ይኸው ነው። አራት ቀኗ ነው፤ እስካሁን ደህና ይዛዋለች። የምፈራው ቅዳሜን ነው፣ ዶን ኤቤርቶ።»

«ቅዳሜ የእኔ ነው!»

«እሱ ነው ችግሩ። እኔ አምስት ወንድሞች መሃል ያደግሁ ነኝ፣ ነብርዎ ቢያገሣም እተኛለሁ። እሷ አትችልም። ቅዳሜ ካልተኛች እስከ ማክሰኞ ፊቷ አይፈታም። አላስተዋሉም?»

ያሳደግኳት ልጅ እስከ ማክሰኞ እንደምታኮርፍ እሷ ነገረችኝ! ሦስት ቀን ተቃጠልኩ። ከሁሉ የከፋው እውነቷን መሆኑ ነው።

ከካርኒቫል በፊት ያለው የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ሰፈሩ ወንበሩን አወጣ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ «ነብሩ ተቃጥሏል» አልኩ።

«ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ?» አለች ዶኛ ኒዲያ።

«ትናንት ደህና ነበር።»

«የቃጠሎ ሽታ የለውም እኮ!»

«ውስጥ ለውስጥ ነው።»

በካርኒቫል ሰሞን! እስከ ዛሬ ሰላምታ የነፈጉኝ አሉ።

በማግስቱ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት በሬን ከፈትኩ። ሁለቱም እዚያው ደጃፍ ላይ ናቸው። ማይሬት ቀና ብላ አየችኝና፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «እንዴት አደርክ አባዬ?» አለችኝ።

ተሻግሬ ሄድኩ። ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ግን በዳርሊስ በኩል። እናም ክብርትነቷ መሃላችን ተሰይማ ማዜም ጀመረች። ድምፅዋ የዛገ በር ነው። ልጄ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ ትስቃለች፤ እኔ በቅናት እበግናለሁ።

ስትጨርስ «ድገሚው እስቲ» አልኳት።