ሲበሉ የረዱን ተማሪዎች

በጎ ፈቃደኛ ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስተርጉሜለታለሁ፤ ያውም ያለ አስተማሪ፣ ከሬዲዮ በለቀምኩት እንግሊዝኛ!

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ሐርቡ አጠገብ ያለ አንድ መንደር የውሃ መስመሩ በማን ደጅ ይለፍ በሚል ተኳርፎ ነበር። ሊቆፍሩ ከባሕር ማዶ የመጡትን ተማሪዎች ከደሴ ይዣቸው ወረድኩ። አካፋ ባነሱ ቁጥር እናቶች ይቀሟቸዋል። እንግዳ እንዴት ይሠራል? ብሉ፣ ጠጡ ብቻ ሆነ።

በመሰነባበቻው ቀን ተማሪዎቹ የተማሩትን ሲናገሩ አንዷ አለቀሰች፦ «ምንም ሳልረዳችሁ መሄዴ ነው።» አሳምሬ ተረጎምኩ።

ያበሏት እማማ ዘይነባ አቀፏት፦ «ወላሂ ተሳስተሻል ልጄ! ተኳርፈን የከረምን ሰዎች በናንተ ሰበብ አንድ ገበታ ቀረብን።»

በማግስቱ መንደሩ አብሮ ወጥቶ ቆፈረ። ዛሬም ያን ውሃ ስጠጣ ልጅቷ ትናፍቀኛለች፤ ሰው ቢስቅብኝም በእንግሊዝኛ አመሰግናታለሁ።