የዘሃራ ገበቴ

ቶርኖ ላይ እየተሽከረከረ ያለ እንጨት ሁሉ ቆንጆ ነው። እውነቴን ነው! ሞተሩ ሲነሳ ጠማማው ይቃናል፣ ጎርባጣው ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ጭጋግ ይመስላል። እኔ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ፈዝዤ የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ተማሪዎቼ በንቃት የምከታተላቸው ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን የለሁም። ችግሩ ሞተሩ ሲጠፋ ነው። ያኔ ጉዱ ይታያል።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችኝ። እንጨት ቶርኖ ላይ እያሽከረከሩ በመሮ መቅረጽ አስተምርባታለሁ። የመሮ አያያዝ ለማንም ይገባዋል። ቅርጽ ማስተማር ግን፣ አቦ ተዉኝ! ጀማሪ ባዶ ቦታ ሲያይ ያመዋል። ቀለበት ያወጣበታል፣ ወገብ ያበጅለታል፣ ሆድ ይጨምርለታል። ይመር የሚባል ተማሪ ነበረኝ፤ እጁ ጎበዝ ነው። አንድ ቀን የሆነ ነገር ሠርቶ አመጣልኝ። ሻማ ማስቀመጫ እንዳልለው ጫፉ ሾጣጣ ነው፣ ዘነዘና እንዳልለው ከላይ እስከ ታች ቀለበት በቀለበት ሆኗል። ምንድን ነው ይሄ ይመር? አልኩት። ያስተማሩኝን ሁሉ አስገብቼበታለሁ ጋሼ፣ አለኝ። ምን ይባላል? ማሻአላህ ብዬ መደርደሪያ ላይ አቆምኩት።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ ቀየርኩ። መሮውን እናስቀምጥና አርዲቦ ሐይቅ ዳር እንሄዳለን። ሳሩ ላይ ተቀመጡና ዝም ብላችሁ ውሃውን እዩ እላቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ውሃው የት እንደሚያልቅ፣ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ኮረብታው ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ተኝቷል። ከዚያ ሁሉ አገር አንዲት መስመር ብቻ ትቀራለች። ያቺን መስመር በጣታችሁ ተከተሏት እላለሁ። ደግሞ አምባሰል ሲዜም ስሙ፤ ድምጹ ወጥቶ ወጥቶ ሲወርድ መሃል መንገድ ላይ ሀሳቡን ይቀይራል? አይቀይርም። የገበቴም ጎን እንደዚያ ነው። ታዲያ ይህን እያልኩ እኔኑ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ሲቀሰቅሱኝ ትምህርቱ አልቋል።

ከሁሉም የገባት ዘሃራ ነበረች። ዘሃራ ሳዑዲ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ልጅ ናት። የሰው ግድግዳ ስታይ ስለኖረች ነው መሰል፣ ውሃው ዳር ስትቀመጥ ዓይኗን አትነቅልም። ቶርኖው ፊት ስትቆም ደግሞ ፊቷ ይበራል። ለአባቷ ለጋሽ ሰይድ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። እንጨት ማሽከርከር ሥራ ነው እንዴ? አሏት። ቤት የሚገባ ነገር ሲወጣው ልይ፤ ካልሆነ ጅዳ ያለችው አክስትሽ ቪዛ ትላክልሽ፣ ተመለሺ፣ ብለው ቁርጧን ነገሯት። ዘሃራ ግን፣ ወላሂ ጋሼ፣ ሞቼ ነው የምሄደው፣ ብላኛለች።

ታላቅ እህቷ ፋጡማ ስትወልድ፣ ዘሃራ የአራስ ቤቱ ገንፎ የሚቀርብበትን ገበቴ እኔ እሠራለሁ አለች። አባቷ የሚፈርዱት በዚህ ገበቴ ነው። ደረቅ ዋንዛ መረጥንላት። እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ ግርጌውን አጥብቢው፣ መሬት አይክበደው፣ ውሃ ላይ የቆመ ይምሰል እላለሁ። አጠበበችው። ትንሽ ጨምሪ አልኩ፤ ጨመረች። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ ስታስቀምጠው፣ ሊበር የተነሳ ነው የሚመስለው። አንድ ቀለበት የለበትም! ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

የገንፎው ቀን እኔም ተጠራሁ። ገበቴው እኛ ወንዶቹ መሃል ተቀመጠ። ገንፎው ክምር ብሏል፣ ቅቤው ከነበርበሬው አናቱ ላይ ተንጣሏል። ማሻአላህ ያላለ የለም። ጋሽ ሰይድ እንኳ የገበቴውን ጎን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። ዘሃራ በሩን ተደግፋ ታያለች።

እንግዲህ የእኛን አገር ሰው አመል ታውቃላችሁ። በትልቅ ሰው ፊት ያለውን ማንም አይነካም። ሁሉም ከየፊቱ ነው የሚቆርሰው። ጋሽ ሰይድ ደግሞ፣ ቢስሚላህ ብሉ ብሉ ብለው እሳቸው ጨዋታ ያዙ። ፋጡማ የተወለደች ቀን የጣለውን ዝናብ ያወሩልናል። እሳቸው ያወራሉ፣ እኛ እንበላለን። የእኛ ወገን ጎደለ። የእሳቸው ወገን ኮረብታ እንደሆነ ቀረ። ያቺ የምወዳት መስመር ስትንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁ። ገበቴው እንቅልፍ እንዳዳፋው ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጋሽ ሰይድ አዘነበለ፤ ከዚያ ገንፎው ከነቅቤው እቅፋቸው ውስጥ ገባ። ደግነቱ በርዷል።

 ዘሃራ አፏን በነጠላዋ ያዘች። 

ጋሽ ሰይድ እቅፋቸውን አዩ። ገበቴውን አዩ። እንዲህ ዝቅ ብሎ እጅ የነሳኝ ልጅ የለኝም፣ እቃው ከእናንተ ይሻላል፣ አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘሃራ ግን አልሳቀችም፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። አብረውን የሚበሉት አጎቷ ይሄኔ፣ እንግዲህ ለአክስቷ ይደወልላታ፣ አሉ። ጋሽ ሰይድ ልጃቸውን አየት አደረጉና ወደ አጎቷ ዞሩ። ምን ተብሎ ነው የሚደወለው? ልጅቷ ሥራ ላይ አይደለችም እንዴ? የሚያዘነብል እቃ ትታብኝ የት ትሄዳለች? ሳታስተካክል ንቅንቅ የለም! አሉ።

ዘሃራ ሌላ ሠራች። ግርጌውን አሰፋችው። ይዘንላቸው ሄድን። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በክርኔ ብገፋው ወይ ፍንክች። ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው አዩት፣ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ትንሽ ያዘነብላል፣ ድገሚው፣ አሉ። ደገመችው። አሁንም ያዘነብላል አሉ።

ባለፈው ሌላ ይዘን እቤታቸው ሳለን ስልካቸው ጮኸ። አክስትየዋ ናት ከጅዳ፤ ቪዛው ደርሷል ትላለች። ጋሽ ሰይድ ስልኩን እንደያዙ፣ ልጅቷ ሥራዋን አልጨረሰችም፣ እቃው ገና ነው፣ አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ አይደለም እንዴ መምህር? አሉኝ።

ገበቴው እንደ ተራራ ተደላድሎ ተቀምጧል። ዘሃራ ታየኛለች። ጉንጬን ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ረጅም ጊዜ አየሁት።

ኧረ በጣም ያዘነብላል፣ አልኩ።