በሁዳዴ አፌ የገባው የበሬ ጅማት

በጅማ ከተማ የግል የሚባል አፍ የለም። ጥርስዎ እስኪታመም ይጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ አፍዎ የሰፈር ነው።

እኔ በቾ ቦሬ ሰፈር የምኖር፣ የሰው ሱሪ አሳጥሬ የማድር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁዳዴ ሊፈታ ሲቃረብ፣ ድሮ በተነቀለው መንጋጋዬ ቦታ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላስተክል ሄድኩ። ሐኪሟ ራጁን አየችና፣ «አጥንትህ ሳስቷል፤ የምተክልበት የለኝም» አለችኝ። ቆንጆ ዜና...

መፍትሔ ግን አላት። ጎድጓዳውን በአጥንት ዱቄት ሞልታ፣ ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን አልብሳ ድዱን ሰፋችው።

«ሽፋኑ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ድድ ፈጣን ነው፣ አጥንት ዘገምተኛ። ካልከለልነው ድዱ የአጥንቱን ቦታ ይይዝበታል።»

የሰው ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ ጎረቤት ለእኔ ማብራሪያ አያስፈልገኝም።

«ከምን ይሠራል?»

«ከበሬ ጅማት። ቀስ በቀስ ራሱ ይሟሟል።»

ይህን ለባለቤቴ ብቻ ብነግር ምን ነበረበት? ሊጠይቁኝ ከሰኮሩ የመጡት አማቴ ፊት ዘረገፍኩት።

«በሬ? በሁዳዴ?» አሉ።

«መድኃኒት ነው፣ እማማ።»

«ይሟሟል አላልክም? የት ነው የሚሟሟው?»

«አፌ ውስጥ...»

«እንግዲያው በላኸው።»

ጎረቤቴን፣ ባለሱቁን አባ ቢያን፣ ያስታርቁናል ብዬ ጠራኋቸው። በጥሞና ሰምተው፣ «ወላሂ፣ ጥሩ ሕክምና ነው» አሉ። ደስ አለኝ። «ግን በሬውን ማን አረደው?»

ነገሩ ንስሐ አባቴ ዘንድ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼ ነበር፤ «ስፌቱ ይፈታ» ቢሉኝ አጥንቴ ሳይበቅል መቅረቱ ነው።

«ልጄ፣ መድኃኒት ምግብ አይደለም» አሉኝ። «ሐኪሟስ ምን አለችህ?»

«ብዙ አትናገር ብላኛለች፣ አባ።»

«እንዴት ያለች አስተዋይ ልጅ ናት» ብለው መስቀል አሳለሙኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ሐኪሟም ስፌቱን አውጥታ፣ «በደንብ ይዟል፤ ለጊዜው ለስላሳ ነገር ብቻ» አለችኝ። አማቴ ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ግን በገዛ እጃቸው አንድ ኩባያ የዶሮ መረቅ አቀረቡልኝ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ የአባወራው ድርሻ የነበረውን ፈረሰኛ፣ ከነአጥንቱ፣ ምንም ባልጎደለ ጥርሳቸው ይቆረጥማሉ።

«ያንተው አጥንት እስኪበቅል ምን ያህል ይፈጃል?» አሉኝ።

«ወራት ነው፣ እማማ።»

«በል በርታ» ብለው ወደ ድስቱ ተመለሱ።