ባቲ ነው ብል ኖሮ

ስም ሳይጠራ ማደር የማይችል ሰው መቼም ታውቃላችሁ። ዛፍ ካሳያችሁት የዛፉን ስም ይነግራችኋል፤ ሆዴን አመመኝ ካላችሁት፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ፣ የበሽታችሁን ስም ይነግራችኋል። ባይነግራችሁ ዛፉ አይደርቅም፣ ሆዳችሁም አይብስበትም። እሱ ግን ያወቀውን ካልተነፈሰ ራሱ ይታመማል። ይህን ሰው የማማው ሩቅ ሄጄ አይደለም። እኔው ነኝ።

በኢሕአዴግ ዘመን ሶዶ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት (አያችሁ፣ አንዳንዴስ እችላለሁ)፣ በኪነት ቡድን ኪቦርድ እጫወት ነበር። ጊታሩን የሚጫወተው ጳውሎስ ይባላል፤ የጉኑኖ ልጅ ነው፣ ጊታርም የተማረው እዚያው በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ነው። እኔ ከመጽሐፍ የለቃቀምኩትን ሁሉ እሱ በጣቱ ያውቀዋል፤ ስሙን ግን አያውቅም። ስሙን የማስተማሩ ሥራ የማን እንደነበር ገምታችኋል። እሁድ ከሰዓት መለማመጃ ክፍል እንገባና እኔ በኪቦርዴ አጃቢውን ኮርድ እይዝለታለሁ፣ እሱ በላዩ ከራሱ ዜማ ያወጣል፤ እኔም ይኼ ትዝታ ነው፣ ይኼ ባቲ ነው፣ ይኼ አምባሰል ነው እያልኩ እንደ ክርስትና አባት ለየቅኝቱ ስም አወጣለሁ።

አንድ እሁድ ግን አስተማሪው ተማረ። ጳውሎስ አምስት ድምፅ ተጫወተና ምንድነው ሲለኝ ትዝታ አልኩት። እነዚያኑ አምስት ድምፆች፣ አንዲት ሳይጨምር አንዲት ሳይቀንስ፣ ደግሞ ተጫወተና ሌላዋ ድምፅ ላይ መጥቶ አረፈ። ባቲ ሆኖ ቁጭ አለ። «ኢሻ» አለኝ፣ በእኛ ቋንቋ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ «ድምፁ አንድ ነው። ስሙን የሚሰጠው ማረፊያው ነው።» ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ደብተር ላይ የጻፉት ነገር ደግሞ በሚፈለግበት ሰዓት አይገኝም።

በዚያ ዓመት ስለ እርከን ሥራ የሚዘፈን ዘፈን ተሰጠን። ግጥሙን የጻፉት ኃላፊያችን ራሳቸው ስለነበሩ ግጥሙ ጥሩ ነበር። በስንኞቹ መካከል፣ ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ተብሎ፣ ጊታሩ ለብቻው የሚጫወትበት ቦታ ተተወለት። በገበያ ቀን ተበላ ወደምትባለው ከተማ ወርደን ስናቀርበው ጳውሎስ እናቱን ከቀበረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ተራው ሲደርስ ኮርዱን ያዝኩለት፤ ገባ። በልምምድ ጊዜ የሚሮጥበትን ቅኝት ያን ቀን ቀስ እያለ ይራመድበት ጀመር፣ እያንዳንዷን ድምፅ ሳይጠግባት አይለቃትም። ጭብጨባው ቆመ። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ፣ ቀጥሎ ከጎናቸው ያሉት። እርከን የሞተ ዘመድ መሰለ። እኔም አልደብቃችሁም፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራን። ለማታውቁት ልጆች ልንገራችሁ፤ ግምገማ ሰው በተራ እየተነሣ ራሱን የሚከስበት፣ መክሰሱ ካቃተው ጓደኞቹ የሚያግዙት ስብሰባ ነው። ኃላፊው የልማት ዘፈን ሕዝብ ያስለቀሰበትን ምክንያት ጠየቁ። ጳውሎስ አቀርቅሮ ዝም አለ። እንደዚያው ቢተውት «ጥንቃቄ ይጎድለዋል» ተብሎ በማስጠንቀቂያ ያልፍ ነበር፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ግን እኔ ተነሣሁ።

ልከላከልለት ነበር፣ እመኑኝ። አልተሳሳተም፣ ከኮርዱም አልወጣም፣ የተጫወተው ከአባቶቻችን የወረስነው የታወቀ ቅኝት ነው ብዬ አስረዳሁ። እዚህ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት።

«ስሙም ትዝታ ይባላል» አልኩ።

ኃላፊው ብዕራቸውን አነሡ። «የምን ትዝታ? ልማት ውስጥ የምን ትዝታ ነው የሚገባው? ያለፈው ሥርዓት ትዝታ ነው?»

የቅኝት ስም ነው ብዬ ብምል ብገዘት፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነ። ሰው በየተራው ተነሣ፤ ከበሮ መቺያችን ሳይቀር የናፋቂነት አዝማሚያውን ከድሮም ይታዘብ እንደነበር ተናገረ። ቃለ ጉባኤው ጳውሎስን «ያለፈው ሥርዓት ናፋቂ» ብሎ ከቡድኑ አሰናበተው። ያ ሥርዓት ሲወድቅ ጳውሎስ የወተት ጥርሱ እንኳ አልወለቀም ነበር።

ጊታሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ እሱ የራሱ ጊታር ኖሮት አያውቅም። ዕቃ ቤት አብሬው ሄድኩ። ከማስረከቡ በፊት የጊታሩ አንገት እንዳይጎብጥ ብሎ ስድስቱንም ክሮች አንድ በአንድ አላላቸው። ወጥተን በሩ ላይ ስንቆም፣ ጥፋቴ ሲከብደኝ ወደ እሱ ልገፋው ፈለግሁ መሰል፣ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ድምፁ አንድ አይደለም ወይ? ባቲ ነው ብትላቸው የወሎዋ ከተማ መስላቸው ያልፉህ ነበር።

«ኢሻ፣ እናቴን እኮ ነው የተጫወትኩት» አለ። «በእናቴ ላይ እንዴት አድርጌ ባቲ ነው ልበል?»

የጉኑኖ መኪና ወደሚገኝበት ሄደ። አፈርኩ፤ እስካሁንም አፍራለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ከበላይ አካል አንድ ትልቅ ሰው ሞቱ። ለመታሰቢያቸው ሐዘን የሚቀሰቅስ ዜማ ተፈለገ። ኃላፊው ያ ተበላ ላይ ሰው ያስለቀሰው ልጅ ይፈለግ አሉና ጉኑኖ የሚሄደው እኔ ሆንኩ። ጳውሎስን ከቤቱ ጀርባ እንሰት ሲኮተኩት አገኘሁት። መልእክቱን አደርሳለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የትኛውን እንደማስቀድም ሳመነታ መልእክቱ ቀደመ፣ ይቅርታው ቀረ።

መኮትኮቻውን አስቀመጠና ክሩን የሚጫንበትን ግራ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ረስቼዋለሁ በላቸው» አለ።

ተመልሼ እንደዚያው ጻፍኩ፤ ዜማውን ረስቻለሁ ብሏል። ኃላፊው ሪፖርቱን ሁለቴ አነበቡት። ይቆጣሉ ስል ፊታቸው ፈካ።

«ናፋቂ ከረሳ ራሱን አርሟል ማለት ነው» አሉና ፈረሙበት።

የመታሰቢያው ዕለት በኪቦርድ እኔ ተጫወትኩ። ማንም አላለቀሰም።