አይስላንድን በቡሌ መለማመድ

በእኛ አገር መኪና ተከራየሁ ማለት ሾፌሩንም ተከራየሁ ማለት ነው። ሾፌሩ መንገዱን ካላወቀ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ይጠይቃል። የሚጠየቅ ሰው መቼም አይጠፋም። ጌዴኦ ውስጥማ፣ እንሰቱ መሀል ማንም የለም ብላችሁ መኪና ብታቆሙ፣ ሞተሩ ሳይበርድ ሰው ከቧችሁ ደህንነታችሁን ይጠይቃል። ይህ ፍቅር ነው ወይስ ወሬ ፍለጋ አላውቅም። ለዘገባ ስዞር ያየሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ጎረቤቴ ዘሪሁን ከአስተማሪነት ጡረታ በወጣ ማግስት አይስላንድን ራሴ እየነዳሁ ልዙር አለ። እዚያ የምትሠራው ልጁ አባትና እናቷን ጋብዛለች። ባለቤቱ አልማዝ፣ ዲላ ገበያ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠው፣ ልጇን አይታ መመለስ ብቻ ነው የምትፈልገው። እሱ ደግሞ እሷን ጎኑ አስቀምጦ ደሴቲቱን ካልዞረ ጉዞው ጉዞ አልመስል አለው። ክረምቱን ሙሉ ካርታ ዘርግቶ ሲያቅድ፣ እኔ መንገድ ያውቃል ተብዬ አጠገቡ ሳዛጋ ከረምኩ። ነፋሱ የመኪና በር ይገነጥላል አለ። በጎች መንገድ ያቋርጣሉ አለ።

"በጉን ተወውና፣" አለችው አልማዝ አንድ ቀን፣ "መንገድ ሲጠፋህ ማንን ትጠይቃለህ?"

"ስልኬን።"

"እንግዲያው ከቡሌ ወዲያ ያለችው ደንበኛዬ ቤት ውሰደኝ። ማንንም ሳትጠይቅ ካደረስከኝ አብሬህ እዞራለሁ። አለዚያ እኔ ልጄ ቤት እቀመጣለሁ፤ አንተ ብቻህን ዙር።"

ቅዳሜ ተነሳን፤ እኔ ታዛቢ ሆኜ ከኋላ። የደጋዋን ከተማ ቡሌን እንዳለፍን ጉም ወረደ። ኔትወርኩም ሄደ። መንታ መንገድ ላይ ስንቆም አንድ ጎልማሳ መጥቶ መስታወቱን አንኳኳ።

"ጋሼ፣ ጠፋችሁ እንዴ?"

"የለም፣ አየር እየወሰድን ነው።"

"በዚህ ብርድ?"

ዘሪሁን መስኮቱን ዘግቶ ወደ ግራ ታጠፈ። ሰውየው ከኋላችን "በዚያ አይወጣም፣ ጭቃ ነው!" እያለ ይጮሃል።

"አልጠየቅኩትም፣" አለ ዘሪሁን፣ "ስለዚህ አልሰማሁም።"

ብዙም ሳንሄድ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ያ ጎልማሳ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ደረሰ።

"ጋሼ፣ እዚህስ አየሩ ይሻላል?"

እየሳቁ ገፍተው አወጡን። ዘሪሁን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መሪውን ያዘ። ያ ሁሉ የክረምት ዕቅድ ትከሻው ላይ የተጫነ ይመስል ነበር።

"በቃ፣ ብቻዬን እዞራለሁ፣" አለ በመጨረሻ።

አልማዝ ከላይ እስከ ታች አየችው። "ብቻህን? ብትደርስማ ኖሮ ብቻህንም እለቅህ ነበር። እዚያ ጭቃ ስትገባ ጋሼ ብሎ የሚሮጥልህ የለም። እኔ ካልገፋሁህ ማን ሊገፋህ ነው? እዞራለሁ።"

እንግዲህ በዓይኔ ያየሁት ይህ ነው፤ ሰውየው ፈተናውን ወደቀ፣ ጉዞው ጸደቀ። ምክንያቱን ለሚጠይቁኝ ትዳር የገባቸው ሰዎች ያስረዱ። እኔ ጫማዬን ላጥብ።