ወጪ የሌለው ሽርሽር

ቤተሰቡን በነጻ የሚያዝናና ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት አብሮኝ ያስተምር የነበረው በቀለ ነው። «የዋርካ ጥላ ኪራይ የለውም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ የሚከራየውንማ መንግሥት ወርሶታል።

አንድ እሑድ ቤት ውስጥ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለን፣ የሁለታችንንም ቤተሰብ ይዞ ወንዝ ዳር ካለ ዋርካ ሥር ወረደ። ሚስቱ አሰለፈች ሽሮ በድስት ይዛለች። ገና ሳንቆርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃቸውን አንግተው ደረሱ።

«ይሄ ምን ስብሰባ ነው?»

«ኧረ ሽርሽር ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ በቀለ።

«አጀንዳው ምንድን ነው?»

በዚህ ጥያቄ ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች እናውቃለን። ልጆቹ እንኳ መሯሯጣቸውን ተዉ። አሰለፈች ግን ድስቱን ከፈተችና፣ «አጀንዳው ይኸው፤ ይቀመጡ» አለቻቸው።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው አጀንዳውን በጥሞና መረመሩ። ከዚያ ጠመንጃቸውን ዋርካው ላይ አስደግፈው እጃቸውን ታጠቡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቢስሚላህ» አሉ።

በልተው ሲጨርሱ ፊታቸውን አኮሳትረው ተነሡ።

«ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው» አሉ። «የሚቀጥለውን እሑድ የምመራው እኔ ነኝ።»