የጋሽ ከድር ባልዲ

ርግብ የሚያረባ ሰው አይታችኋል። የእሳት እራት የሚመዘግብ ነጋዴስ? እኔ አለኝ፤ እዚሁ መርካቶ፣ ጎረቤቴ ናቸው!

ጋሽ ከድር መጋረጃ አከፋፋይ ናቸው። ክረምት ሲገባ ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓሮ፣ ከአንዲት እንሰት ሥር፣ አምፖል የተንጠለጠለበት ባልዲ ያስቀምጣሉ። የእሳት እራቶቹ ብርሃኑን ብለው ይገቡና ውስጡ ባለው የእንቁላል ካርቶን ላይ ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ ባልዲውን ይከድኑታል፤ ጠዋት ፎቶ ያነሷቸዋል፣ ዓይነታቸውን ስልካቸው ላይ ይመዘግባሉ፣ ከዚያ ይለቋቸዋል። ጨርቅ ሻጭ ከብል ዘመድ፣ ከእሳት እራት ጋር ምን ወዳጅነት አለው አትሉም?

ትናንት ጠዋት ክዳኑን ገለጥ አድርገው፣ "ኧረ በአላህ! እንዲህ ያለች እዚህ ሰፈር ገብታ አታውቅም!" ብለው በሹክሹክታ ጠሩኝ። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ከሹክሹክታ በላይ የሚሰማ ነገር የለም። አንድ ደላላ ከተፍ አለ።

"ጋሼ፣ ስንት ፍሬ ገባ?"

"አንዲት ብቻ።"

"በቃ ተሸጠች! ለማንም እንዳያሳዩ!"

ምን እንደሆነች እንኳ ሳይጠይቅ! ወዲያው ጓሮዋ በገዢ ተጥለቀለቀች። ያላዩትን ዕቃ ይሻማሉ፤ አንዱማ "ኦሪጅናሏ ናት፣ አውቃታለሁ" ብሎ ማለ።

ጋሽ ከድር ክዳኑን አነሱ። ቅጠል የመሰለች አረንጓዴ የእሳት እራት ብድግ አለችና የደላላው እጅጌ ላይ አረፈች። ያ ሁሉ ጯሂ አንገቱን አሰገገ። ደላላው እጁን እንደዘረጋ ቆመ። በረረች።

"ነገስ ይገባል?" አለ፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ እንደቀረ።

ጉድ ነው፣ አይደል? እኔማ ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ሱቄ ስትገባ፣ "እህቴ፣ ትንሽ ቆዪኝ፤ ባልዲው ሊከፈት ነው!" ብያት ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ዘወር ስል፣ ከኋላዬ እየሮጠች ነው።